የእናቴ ዘነዘና የሽጉጤ እጀታ ሆነ፤ ቀጥሎ ምላጩን ልንካው?

የወይራ_ልጅ (ኦሮራ፣ ኮሎራዶ)

ሰላም ጎበዝ። ነገሩ ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ሽጉጤ ናይንቲን ኢለቨን ነው። 45 ካሊበር፣ በርሜሉ 5 ኢንች፣ ካዝናው 7 ጥይት ይይዛል። ያው የጆን ብራውኒንግ ሥራ፣ የአሜሪካ ጦር በ1911 ተቀብሎት በ1985 በቤሬታ እስኪተካ ድረስ የታጠቀው። የዛሬ ስድስት ዓመት ያገለገለ ሆኖ ነው የገዛሁት። ከባድ ነው የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው፣ ባዶውን ከአንድ ኪሎ ያልፋል። እኔ የወደድኩት ግን ለዚሁ ክብደቱ ነው። ሲተኮስ እጅ ላይ አይፈናጠርም፣ ገፋ አድርጎ ይመለሳል።

ያስቸገረኝ እጀታው ነበር። አብሮት የመጣው ጥቁር ላስቲክ ላብ ሲነካው ይሙለጨለጫል፣ ለዓይንም አይስብም። ታዲያ እናቴ ከአምስት ዓመት በፊት ስትመጣ ሻንጣዋ ውስጥ የወይራ ዘነዘና ከትታ ነበር። በርበሬ በማሽን አይሆንም ብላ። የኮሎራዶ አየር ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ከንፈር እንኳ ይሰነጥቃል፤ ዘነዘናው ሁለት ዓመት ሳይሞላው ከላይ እስከ ታች ተተረተረ። ጋራዥ ውስጥ ቆሞ አቧራ ሲጠጣ ከረመና አንድ ቅዳሜ ወስጄ ሞርሳ ላይ አሰርኩት።

መጋዙ ሲገባ የወጣው ሽታ! ውስጡ ማር የመሰለ ቢጫ ሆኖ ጥቁር ጅማት ይሮጥበታል። ስንጥቁን እየሸሸሁ 6 ሚሊ ውፍረት ያላቸው አራት ሳንቃዎች አወጣሁ። ወዲያው አልሠራሁባቸውም፤ በመደርደሪያ ላይ ለሦስት ሳምንት ተውኳቸው፣ የሚጣመም ካለ አሁኑኑ ይጣመም ብዬ። አንዱ ተጣመመ። በሦስቱ ቀጠልኩ። የድሮውን ላስቲክ አስቀምጬ ዙሪያውን በእርሳስ ሳልኩ፣ ቆረጥኩ፣ በሞረድ ቅርፅ አስያዝኩት። ቁም ነገሩ ቀዳዳዎቹ ናቸው። በሁለቱ ብሎኖች መሃል ያለው ርቀት 78 ሚሊ ነው፣ ግማሽ ሚሊ ብትስት ብሎኑ አይገባም። እኔም አንዱን ስቼ ጣልኩት። የተረፉት ሁለቱ በትክክል ገጠሙ። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት፣ ከ120 ጀምሬ እስከ 600። መጨረሻ ላይ የተልባ ዘይት ቀባሁት። ብቻ ምን ልበላችሁ፣ እጄ ውስጥ ሲገባ ሌላ ሽጉጥ ሆነ።

እና አሁን አላስቻለኝም። ቀጥሎ ምላጩን (ጣት የሚስበውን) ማለስለስ አማረኝ። በሚዛን ስለካው ለመሳብ 6 ፓውንድ ኃይል ይጠይቃል፤ ወደ 4 ላወርደው ፈልጌያለሁ። የመሳያ ድንጋይ አዝዣለሁ። ሠርታችሁ የምታውቁ አስተምሩኝ።

ባለሞረዱ

እጅህ ይባረክ! ወይራ እኮ ነው፣ ልጅህም ይወርሰዋል።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ያን የተልባ ዘይት የቀባህበትን ጨርቅ የት ጣልከው? የተልባ ዘይት የነካውን ጨርቅ ጠቅልለህ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ከወረወርከው ሲደርቅ ራሱን በራሱ አሙቆ ሊቀጣጠል ይችላል። ክብሪት አያስፈልገውም። ዘርግተህ ውጪ አድርቀው፣ ወይም ውኃ ያለበት ክዳናም ቆርቆሮ ውስጥ ክተተው። ሰው ሽጉጡን ነው የሚፈራው፣ ቤቱን የሚያቃጥልበት ግን ጨርቁ ነው።

የወይራ_ልጅ

በስመ አብ! ጠቅልዬ ከሥራ ጠረጴዛው ሥር ነው የወረወርኩት። መጣሁ።

የወይራ_ልጅ

ዘረጋሁት። ደርቆ ነበር፣ እግዜር ይመስገን። ባለሞረዱ፣ ውለታ አለብኝ።

አላሚዋ (ሜሪላንድ)

የእጀታው እንጨት በጣም አምሯል። አሁን ወደ ምላጩ። በ25 ያርድ ላይ ቀዳዳዎችህ ምን ያህል ይሰበሰባሉ? መጀመሪያ እሱን ንገረን። እኔ ቡልስአይ የሚባለውን የዒላማ ውድድር እወዳደራለሁ፣ በአንድ እጅ። እዚያ እንኳ ለ45 የተፈቀደው ትንሹ 3.5 ፓውንድ ነው። ብዙ ወንዶች (ይቅርታ ግን እውነት ነው) ጥይታቸው ወደ ግራና ወደ ታች በሄደ ቁጥር ሽጉጡን ይከሳሉ። የሚገፋው ጣታቸው ነው። ለአንድ ወር በየማታው 10 ደቂቃ ባዶ ተኩስ (ያለ ምንም ጥይት) ሞክር፣ ሳንቲም ማነጣጠሪያው ላይ አስቀምጠህ። ሳንቲሙ ሳይወድቅ 20 ጊዜ ከሳብክ በኋላ ስለ ፓውንድ እናወራለን።

በነገራችን ላይ ከፊት ያለው ማነጣጠሪያህ የድሮው ትንሿ ጥርስ ናት? እሷን ብትቀይር ይሻልሃል። ዓይን ካላየ ጣት ምን ያደርጋል?

የወይራ_ልጅ

ወደ ግራና ወደ ታች አልሽ? ማን ነገረሽ? 😄

ቶርኖ_ቤት (ዳላስ)

አዲስ አበባ ቶርኖ ቤት ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ፣ እዚህም ሥራዬ ብረት ነው። በዚያ ላይ ተመክቼ የሠራሁትን ጉድ ልንገርህ።

ሃመሩ (መቺው መዶሻ) ወደ ኋላ ተስቦ ሲቆም የሚይዘው ሲር የሚሉት ቁራጭ ብረት ነው፣ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም። ከንፈሩን በሃመሩ ሁለት መንጠቆዎች ላይ ያስደግፋል። ድጋፉ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የዚያን ሁሉ ኃይል ጭነት የያዘችው እሷ ናት። ማዕዘኗ ትንሽ ከተዛባ፣ ወይም የግራና የቀኙ መንጠቆ እኩል ካልሆነ፣ ሽጉጡ አንተ ሳትስብ ሊለቅ ይችላል። ሌላም አለ። በአንዳንድ ፋብሪካ ሥራ ላይ ጠንካራው ክፍል ከላይ ያለው ስስ ንጣፍ ብቻ ነው፤ በድንጋይ ከላጥከው ከሥሩ ያለው ለስላሳ ብረት በመቶ ጥይት ውስጥ ያልቃል። ዛሬ ያማረው ምላጭ በሚቀጥለው ወር ሌላ ነው።

እኔ በእጄ፣ ያለ ማሰሪያ ጂግ፣ በዓይኔ ገምቼ ሳልኩት። ቤት ውስጥ በባዶው ስሞክረው እንደ ማር። ሚስቴን ጠርቼ "ሳቢው" ብያታለሁ ሁላ። ተኩስ ቤት ሄድኩ። 7 ጥይት ሞልቼ ጀመርኩ፤ የመጀመሪያ ስህተቴ እሱ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ደህና። ሦስተኛው ላይ አንዴ ስቤ ሁለቴ ጮኸ። ሽጉጡ ወደ ላይ በተነሳበት ሁለተኛው ወጣ። የት እንደገባ ለማየት ቀና ስል ከጣራው ላይ የድምፅ መከላከያ ስፖንጅ ቁራጭ ዝግ ብሎ እየተንሳፈፈ ወረደና ጠረጴዛዬ ላይ አረፈ። የቤቱ ኃላፊ ከኋላዬ ቆሟል። ምንም አልተናገረም፣ በጣቱ ብቻ በሩን አሳየኝ። ልክ ነበር።

ሲሩንም ሃመሩንም ጣልኳቸው። አሁን የማደርገው ሌላ ነው፤ ሃመር፣ ሲርና ዲስኮኔክተሩ (ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ምላጩን ከሲሩ የሚለየው ክፍል) አንድ ላይ ተመሳስለው የተሠሩ ሆነው ይሸጣሉ። እነሱን ገዝቼ በባለሙያ ፊት ገጠምኩ። ያዘዝከውን ድንጋይ መልሰው፣ ወይም ለቢላዋ አድርገው።

የወይራ_ልጅ

ስፖንጁ ላይ ስደርስ ላብ አጠመቀኝ። እሺ፣ ድንጋዩ ይመለሳል።

ጋሽ_ምንሽር

ልጆቼ፣ ጣልቃ ልግባ። "ምላጭ" ስትሉ ደስ አለኝ፤ የዛሬ ልጅ ሁሉ "ቃታ" ይላል። በእኛ ጊዜ ምላጭ ማለት ጣት የሚስበው ነው፣ ቃታ ደግሞ ወደ ኋላ ስበህ ጥይት የምታጎርስበት። አባቴ ምንሽራቸውን በየእሑዱ ፈታተው ሲወለውሉ እኔ ቀለህ እቆጥር ነበር። ቅባቱ እንዲህ በብልቃጥ የሚሸጥ አልነበረም፤ ያገኙትን ነው የሚቀቡት።

አንድ ነገር ደግሞ ይገርመኛል። አገራችን ጠመንጃን የሚያነግሥ፣ ጠመንጃ የሚያበጀውን ግን የሚንቅ ነበር። ቀጥቃጩ ቡዳ ነው ተብሎ ከማኅበር ይገለላል፣ ማታ ግን በጓሮ በር "እባክህ ይቺን ምላጭ እያት" ይባላል። አጤ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ፈረንጆቹን ሰብስበው መድፍ ሲያስቀልጡ የሳቀባቸው ስንት ነው? ሴባስቶፖል ግን ተሠራ፣ 7 ቶን ገደማ፣ ይኸው መቅደላ አናት ላይ ዛሬም ተጋድሟል። አጤ ምኒልክም ሠራተኛን በሥራው እንዳትሰድቡ ብለው አዋጅ አስነገሩ። ስለዚህ ልጄ እጅህ ጥቁር ቢሆን አትፈር።

የወይራ_ልጅ

ጋሼ፣ እግዜር ያክብርልኝ። እናቴ ግን "ቀጥቃጭ ሆንክልኝ?" ብላ ስቃብኛለች፣ እውነቴን ነው።

ባለሞረዱ

ጋሼ፣ በቃታው ነገር አልስማማም። እኛ ሰፈር ቃታ የሚባለው ራሱ የሚሳበው ነው። "ቃታ ሳበ" ሲባል ተኮሰ ማለት ነው።

ጋሽ_ምንሽር

ሰፈርህ የት ነው?

ባለሞረዱ

ጉለሌ።

ጋሽ_ምንሽር

እንግዲህ ጉለሌ ነዋ።

አዲስ_ገቢ (ዋሽንግተን ዲሲ)

ይቅርታ፣ የጀማሪ ጥያቄ ነው። ሽጉጥን ቤት ውስጥ መፍታትና መቀየር ፈቃድ አያስፈልገውም? ደግሞ ግሪን ካርድ ብቻ ነው ያለኝ።

አላሚዋ (ሜሪላንድ)

ጥሩ ጠየቅክ። በፌዴራል ሕግ የራስህን ሽጉጥ ለራስህ ብታስተካክል ፈቃድ አይጠየቅም። የጓደኞችህን እየተቀበልክ በገንዘብ መሥራት ከጀመርክ ግን ንግድ ነው፣ የፌዴራል ፈቃድ ያስፈልጋል። ሲር የሚስለው ዘመድህ "50 ዶላር ስጠኝ" ሲልህ አስብበት። ሽጉጥ ሆን ብሎ በአንድ ስበት ደጋግሞ እንዲተኩስ ማድረግ ደግሞ ከባድ የፌዴራል ወንጀል ነው። እንደ ቶርኖ_ቤት ሳይታሰብ ሁለቴ ከጮኸ እዚያው አቁመህ ወደ ባለሙያ ነው።

ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል። በጎብኚ ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ግን፣ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ቢኖሩም፣ በአጠቃላይ አይፈቀድለትም። ከዚያ በኋላ ያለው እንደ ግዛቱ ነው። ዲሲ ላይ ፖሊስ ዘንድ ማስመዝገብ አለብህ። እኛ ሜሪላንድ ሽጉጥ ከመግዛትህ በፊት የጣት አሻራ ሰጥተህ፣ የ4 ሰዓት ሥልጠና ወስደህ የብቃት ፈቃድ ታወጣለህ። ድልድይ ተሻግረህ ቨርጂኒያ ስትገባ ደግሞ ሕጉ ሌላ ነው። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ለእኛ አንድ ሰፈር ነው፤ ለሽጉጥ ግን ሦስት አገር በለው። መኪናህ ውስጥ ረስተኸው ለሠርግ እንዳትሻገር።

የወይራ_ልጅ

ኮሎራዶ ላላችሁ ደግሞ ልጨምር። ማሪዋና እዚህ በግዛቱ ሕግ ተፈቅዷል፤ ሽጉጥ ስትገዙ የምትሞሉት ቅጽ 4473 ግን ትጠቀማለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። እዚያ ላይ መዋሸት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ልጅ ያላችሁም፣ ከ2021 ጀምሮ ሽጉጥን ልጅ በማይደርስበት ሁኔታ ቆልፎ ማስቀመጥ ግዴታ ነው። እኔ ሽጉጡን ካዝና ውስጥ፣ ጥይቱን ሌላ ክፍል። (ካዝና ስል የብረቱን ሣጥን ነው፣ ቋንቋችን ሁለቱንም ካዝና ማለቱ ይገርማል።)

ከመርካቶ

እኔ አዲስ አበባ ነኝ። የአባቴ ማካሮቭ አለ፣ እጀታው ተሰብሯል። እንደናንተ በወይራ ልሥራው?

ቶርኖ_ቤት (ዳላስ)

ወንድሜ፣ የፈቃድ ወረቀቱ በማን ስም ነው? በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት እዚያ ያለ ፈቃድ መጠገን ቀርቶ መያዝም ያስከስሳል። አባትህ በሕይወት ካሉና ወረቀቱ በእሳቸው ስም ከሆነ እሳቸው ይሂዱና ይጠይቁ። ካረፉ ደግሞ ሳትነካው ለፖሊስ አሳውቅ። እዚህ የምናወራውን አይተህ ጓዳ ውስጥ እንዳትጀምር። እኔ እንኳ በዚያ ቶርኖ ቤት ስሠራ ጥይት የሚመስል ነገር ይዞ የመጣ ሰው ካለ አለቃችን ማሽኑን አጥፍቶ ነበር የሚያባርረው።

ከመርካቶ

አባቴ አሉ፣ ወረቀቱም የእሳቸው ነው። እሺ፣ እሳቸው ይሂዱ። አመሰግናለሁ።

የወይራ_ልጅ

ሰዎች፣ አዲስ ችግር። ትናንት ተኩስ ቤት ነበርኩ። ድሮ ቁልፉን ስጫን ካዝናው ራሱ ዱብ ይል ነበር። አሁን ግማሽ ወርዶ ይቆማል፣ በጣቴ ነው የምጎትተው። ካዝናውን ቀየርኩ፣ ያው ነው። አዲሱ እጀታ ከገባ በኋላ ነው የጀመረው። እንጨቱ አበጠ ይሆን?

ባለሞረዱ

እንጨት አያብጥም በዚያ አየር፣ ቢሆን ቢሆን ይሰነጠቃል። አበጠ እንበል፣ ከውጪ ነው ያለው፣ ካዝናውን በምን ይነካዋል?

ቶርኖ_ቤት (ዳላስ)

ውፍረቱን ለካኸው? በ6 ሚሊ ነው የጀመርከው፣ በብርጭቆ ወረቀት ስንት ቀረ?

የወይራ_ልጅ

ቆይ... በካሊፐር አሁን ለካሁት። ቀዳዳው አጠገብ 4 ሚሊ ተኩል።

ቶርኖ_ቤት (ዳላስ)

ተገኘ። እንጨቱ ሲሳሳ ብሎኑ ረዘመ። ጫፉ በቡሹ (በሽጉጡ አካል፣ ማለትም በፍሬሙ ላይ በተተከለው የብሎን ማቀፊያ) አልፎ ወደ ውስጥ ገብቶ ካዝናውን እየነካ ነው። ካዝናውን አውጣና በባትሪ ወደ ውስጥ እይ፣ የብሎን ጫፍ ብልጭ ይልሃል። ካዝናህም ጎን ላይ ቀጭን ጭረት አለ።

የወይራ_ልጅ

አለ! ሁለት ጭረት፣ ግራና ቀኝ። አንተ ሰው ጠንቋይ ነህ? ብሎኑን በሞረድ ላሳጥረው?

ቶርኖ_ቤት (ዳላስ)

አትቸኩል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ለስስ እጀታ ተብሎ አጭር ብሎን ይሸጣል፣ ዋጋውም ምንም አይደለም። ወይም ከብሎኑ አናት ሥር ስስ የጎማ ቀለበት አድርግ፣ እንዳይላላም ይረዳሃል። በሃርድዌር ሱቅ ግን አትፈልገው፣ ጥርሱ በኢንች 50 ነው፣ የተለመደ ብሎን አይገባም። በግድ ካስገባኸው ቡሹን ያበላሻል፣ ቡሹ ደግሞ ከፍሬሙ ይነቀላል። ያን ጊዜ ነው ጉድ የሚፈላው። ብራውኔልስ ከሚባለው የሽጉጥ ዕቃ ሻጭ እዘዝ። ካቻቢቴህም ከብሎኑ ስንጥቅ ጋር ልክ ይሁን። በቤት ካቻቢቴ የተበላ የብሎን አናት ያለበት ሽጉጥ ሳይ የባለቤቱን ትዕግሥት አውቃለሁ።

የወይራ_ልጅ

ሦስት ሳምንት ጠፋሁ፣ ይቅርታ። አጭሩ ብሎን መጣ፣ ካዝናው ዱብ ይላል።

ስለ ምላጩም ላውራ። ከተማ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ጠመንጃ ጠጋኝ አለ፣ ጎረቤቴ ነው የጠቆመኝ። ድንጋይ ልጠቀም ነበር አልኩት። መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየኝ፣ ከዚያ "መጀመሪያ አጽድተኸዋል?" አለኝ። አጽድቻለሁ፣ በየጊዜው በርሜሉን እወለውላለሁ አልኩ። "እሱን አላልኩም" አለና ጠረጴዛው ላይ እኔው ራሴ እስከ መጨረሻው እንድፈታው አደረገ። ምላጩ ፍሬሙ ውስጥ የሚንሸራተትበት መንገድ አለ። እዚያ ውስጥ ምን እንደነበር ብነግራችሁ አታምኑም። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ዘይት ሲያጠጣው ኖሮ፣ ዘይቱ ደርቆ የተቃጠለ ሽሮ መስሏል። በጥርስ ብሩሽ ስንፍቀው ቡኒ ሆኖ ወጣ። ደርቆ ሲገጠም በሚዛን ለካነው። 5 ፓውንድ ከሩብ። አንዲት ብረት ሳንነካ! ከ6 ወደ 5 ከሩብ የወረደው በጥርስ ብሩሽ ነው። 15 ዶላር ብቻ አስከፈለኝ፣ አሳፈረኝ።

ከዚያ ሴፍቲውን (መቆለፊያውን) መፈተሽ አስተማረኝ፣ በርሜሉ ውስጥ ጥይት ሳይኖር። ካዝናውን አውጥተህ፣ ውስጡን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጠህ፣ ሃመሩን ወደ ኋላ አቁመህ ሴፍቲውን ትዘጋለህ። ምላጩን ጠንከር አድርገህ ሳበው፣ ሃመሩ መውደቅ የለበትም። ልቀቀው፣ ሴፍቲውን ክፈት። አሁን ሽጉጡን ወደ ጆሮህ ጠጋ አድርገህ ሃመሩን በአውራ ጣትህ በቀስታ ትንሽ ወደ ኋላ ስትስበው ዝም ማለት አለበት። "ጢክ" ካለ ሲሩ ተነቃንቆ ነበር ማለት ነው፣ ሴፍቲው በደንብ አልያዘም። የእኔ ዝም አለ። ሽማግሌው ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚያዳምጠው፣ ልክ ሐኪም የልብ ምት እንደሚሰማ።

መጥፎውም ወሬ ይኸው። ቤት መልሼ ስገጥመው የስላይዱን (ከላይ ወደ ኋላ የሚንሸራተተውን ብረት) መያዣ ጠማማ አድርጌ አስገባሁትና ፍሬሙ ላይ ግማሽ ክብ ጭረት ጣልኩበት። ስድስት ዓመት ሙሉ ያልተነካ ፍሬም!

አላሚዋ (ሜሪላንድ)

እንኳን ደህና መጣህ ወደ ማኅበሩ። የዚያ ጭረት ስም በእንግሊዝኛ የጅል ጭረት ነው፣ ናይንቲን ኢለቨን ካለው ሰው ግማሹ አለበት። እኔም አለብኝ፣ እዚያው ቦታ። ሌላ ጊዜ ፍሬሙ ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፈህ፣ መያዣውን ከታች ወደ ላይ ሳይሆን ቀጥታ ገፋ አድርገህ አስገባው። የአሁኑን በቀዝቃዛ ማጥቆሪያ ልትሸፍነው ትችላለህ፣ ግን ጓንት አድርግ፣ ውስጡ ሴሌኒየም አለ፣ መርዝ ነው። ደግሞም መቼም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፣ ከብርሃን አቅጣጫ ሲታይ ይለያል።

ጨዋታው ላይ ግን ተናገር፣ ሳንቲሙስ?

የወይራ_ልጅ

14 ላይ ደርሻለሁ። 15ኛው ላይ ሁሌ ይወድቃል፣ ምክንያቱን አላውቅም።

አላሚዋ (ሜሪላንድ)

ስለምትቆጥር ነው።

ባለሞረዱ

እኔስ ይህን ነገር በወጉ ልማር ብል? ዕድሜዬ 40 አልፏል፣ ሥራ አልተውም።

የወይራ_ልጅ

እኛ ግዛት ሁለት አሉ። ሌክዉድ ውስጥ አንድ የሙያ ትምህርት ቤት አለ፤ ትሪኒዳድ ደግሞ ከኒው ሜክሲኮ ድንበር አጠገብ ያለችው ከተማ ነች፣ የትሪኒዳድ ስቴት ኮሌጅ የጠመንጃ ጥገና ትምህርት ከ1947 ጀምሮ አለው። ለእንደ እኛ ዓይነቱ ሥራ ላለው ሰው አጫጭር የሰመር ኮርሶች አሉ። ሰሜን ካሮላይና፣ ኦክላሆማና ካሊፎርኒያም ኮሌጆች አሉ። ሽማግሌው እንደነገረኝ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሽጉጥ የሚባል አይታይም፤ አንድ ቁራጭ ብረት ይሰጥሃል፣ በሞረድ ብቻ አራት ማዕዘን አድርግ ትባላለህ። ከዚያ ትለካለህ፣ ተሳስተሃል፣ ድገም።

ባለሞረዱ

ስሜን አይታችኋል? 😄 እኔ የተወለድኩት ለዚያ ነው።

ቶርኖ_ቤት (ዳላስ)

እኛም ቶርኖ ቤት ስንገባ እንደዚያው ነበር። ሦስት ወር ሞረድ ብቻ። አለቃችን ብረቱን ብርሃን ላይ አንስቶ ከመስፈሪያው ጋር ያጣብቅና በመሃሉ ብርሃን ካለፈ ያለ ቃል ወለሉ ላይ ይጥለዋል። ድምፁ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ደግሞ የምትተኩሱበት ቤት ጣራ ካለው አንድ ምክር፤ ከጥይቱ የሚወጣው መርዛማ የእርሳስ ብረት አቧራ በጫማ ቤት ይገባል። ጫማችሁን በር ላይ አውልቁ፣ ከመብላታችሁ በፊት በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና ታጠቡ። ሕፃን ያላችሁ በተለይ።

የወይራ_ልጅ

እናቴ ትናንት ጋራዥ ገባች። የተረፈውን የዘነዘና ግንድ ሞርሳ ላይ ታስሮ አየችው። ዝም ብላ ቆየችና "እና በርበሬውን በምን ልወቅጠው ነው?" አለች። አዲስ እንደማመጣላት ቃል ገባሁ። እጀታውን አውጥቼ፣ ሽጉጡ ላይ ሳይሆን ለብቻው፣ እጇ ላይ አደረግኩላት። በጣቷ ዳበሰችው፣ አሸተተችው። "ተልባ ቀባኸው?" አለች። ከዚያ ወደ ወጥ ቤት ሄደች፣ ሌላ አልተናገረችም።

የቀረው ግንድ 12 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ስንጥቅ የለበትም። አንድ ጥንድ ይወጣዋል። አላሚዋ፣ እጅሽ ትልቅ ነው ትንሽ? ውፍረቱን ልወቅ።

አላሚዋ (ሜሪላንድ)

ትንሽ ነው፣ ስስ ይሁንልኝ። አጭሩን ብሎን እኔ አዝዛለሁ። ግን መጀመሪያ እማማን አስፈቅድ። ሳንቃውን ብቻ ላክልኝ፣ ቀዳዳውን ራሴ ነኝ የምበሳው።

የወይራ_ልጅ

78 ሚሊ።

አላሚዋ (ሜሪላንድ)

አውቃለሁ!